ሲጋራው በሱቅ በደረቴ፣ መድኃኒቱ በሻንጣ

መቼም የኛ ነገር ሁሌም የተገላቢጦሽ ነው። ከፒያሳ እስከ መርካቶ፣ ከስታዲየም እስከ መገናኛ ብትሄዱ ሱቅ በደረቴ ያንጠለጠለ ልጅ ሳያጋጥማችሁ ብዙ አትራመዱም። ሣጥኑ ውስጥ ምን አለ? ሶፍት አለ፣ ከረሜላ አለ፣ ማስቲካ አለ፣ ሲጋራ አለ። ሙሉ ፓኬት ካልገዛችሁ ብሎም አያስጨንቃችሁም። አንድ ፍሬ ይሰጣችኋል፤ ላይተሩንም አውጥቶ ይለኩስላችኋል። ማስያዣው ይኼን ያህል ቅርብ ነው። ማስለቀቂያውስ? በሌላው ዓለም ከዚያው ከማስቲካ ወገን የሆነ፣ ሰውን ከሲጋራ የሚያላቅቅ ነገር አለ። የኒኮቲን ማስቲካ ይባላል። እሱን ፈልጉ ስትባሉ ግን ሱቅ በደረቴው ቀርቶ ነጭ ጋዋን የለበሰው ባለሙያም ራሱን ይነቀንቅባችኋል።

ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት “ሲጋራ ጎጂ ነው” ብዬ ልሰብካችሁ አይደለም። ይኼንንማ አጫሹ ከማናችንም በላይ ያውቀዋል። ሌሊት ሌሊት የሚያስለው እሱ፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው እሱ፣ ሚስቱ “ልብስህ ሸተተ” የምትለው እሱን ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ልተው ብሎ የቆረጠ ሰው ምን ይዞ ይተው? ማን ያግዘው?

በመጀመሪያ የሚመሰገነውን እናመስግን። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲወጣ እኛ ጋዜጠኞች ሳንቀር አጨብጭበናል። ቤት ውስጥ ባሉ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው ቦታዎችና በሥራ ቦታዎች ማጨስ ክልክል ሆነ። የሲጋራ ማስታወቂያ ተከለከለ። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው እንዳይሸጥ ተደነገገ። የፓኬቱ ፊትና ጀርባ 70 በመቶው በማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍ እንዲሸፈን ታዘዘ። መልካም ነው፤ ማንም አይጠላውም። ግን እስቲ ልብ በሉ። “አትሽጥ፣ አታስተዋውቅ፣ እዚህ አታጭስ” ይላል። “እንዴት እንደምትተው እኔ ላሳይህ” የሚለው ክንድ የት አለ? ሥዕሉን አይቶ የደነገጠ ሰው ደንግጦ የት ይሂድ?

አገራችን በ2006 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በፓርላማ አጽድቃለች። የዚያ ስምምነት አንቀጽ 14 ፈራሚ አገሮች ማጨስ ለማቆም የሚፈልገውን ሰው እንዲረዱ፣ ሕክምናውና መድኃኒቱም በቅርብና በሚቻል ዋጋ እንዲገኝ እንዲሠሩ ያዛል። ፊርማው አለ፣ ማኅተሙ አለ። መድኃኒቱ ግን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኗል።

“ለመሆኑ ሲጋራ ለማቆም መድኃኒት ምን ያደርጋል? ወንድ ልጅ ከቆረጠ ይተዋል እኮ!” የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ከቆረጡና ከተዉት ውስጥ ጀግኖች አሉ፤ አልክድም። ነገር ግን ነገሩ የወንድነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሲጋራ የሳበ ሰው ኒኮቲኑ ከ10 እስከ 20 ሰኮንድ ባለ ጊዜ ውስጥ አንጎሉ ይደርሳል። እዚያ ሲደርስ ደስታና እፎይታ የሚሰጠውን ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ያስለቅቃል። አንጎል ይኼን ይለምዳል። ከዚያ ኒኮቲኑ ከደም ውስጥ በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ ሰውየው “አምጣ” መባል ይጀምራል። እኛ ሐራራ የምንለው ይኼን ነው። ብስጭቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ማለቱ፣ ቤተሰብ ላይ መጮሁ፣ ሁሉም ከዚህ የሚመጣ ነው። የሚከፋውም የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ነው፤ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ያለ ምንም እርዳታ ልተው ብለው ከሚነሱ 100 ሰዎች ውስጥ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ተሻግረው የሚገኙት ከ3 እስከ 5 ቢሆኑ ነው። እንግዲህ የቀሩት ዘጠና አምስቱ ሁሉ ወኔ ቢሶች ናቸው ልንል ነው?

አሁን ዋናውን ነገር ስሙኝ። የሚያስይዘው ኒኮቲን ነው፤ በብዛት የሚገድለው ግን ጭሱ ነው። ጭሱ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካል አለ፤ ከነዚህ ውስጥ 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ ናቸው። ሳንባ ላይ የሚለጠፈው ቅጥራን እዚያ አለ። በዝግ ቤት ከሰል ለኩሶ ያደረ ቤተሰብን የሚጨርሰው ካርቦን ሞኖክሳይድም እዚያው አለ። ማይክል ራስል የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ይኼን ነገር እ.ኤ.አ. በ1976 አጥብቆ ተናግሮታል። ስለዚህ ብልሃቱ ምንድን ነው? ሰውየው ጭሱን ዛሬውኑ እንዲጥል፣ ኒኮቲኑን ግን በጥቂት በጥቂቱ፣ በንጹሕ መንገድ እያገኘ ቀስ በቀስ እንዲለቅ ማድረግ ነው። ያገራችን ሰው እሾህን በእሾህ ይላል። ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የዚህ ነገር አመጣጥም ይገርማል። በስዊድን አገር ክላስ ሉንድግሬን የሚባል የሉንድ ሰው፣ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ሠራተኞችን ያያል። መርከቡ ውኃ ውስጥ ሲገባ ማጨስ አይቻልም። አጫሾቹ ታዲያ ምን አደረጉ? አፋቸው ውስጥ ትምባሆ ይዘው ሐራራቸውን ያስታግሣሉ። ሉንድግሬን ይኼን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1967 በመድኃኒት ኩባንያ ለሚሠራው ወዳጁ ለኡቬ ፈርኖ ደብዳቤ ጻፈለት። ፈርኖና ባልደረቦቹ ብዙ ደክመው የኒኮቲን ማስቲካን ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1978 ስዊዘርላንድ፣ በ1984 ደግሞ አሜሪካ ፈቀደችው። በ1990ዎቹ መግቢያ ላይ ክንድ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን ፕላስተር ተከተለ። እንግዲህ ነገሩ ትናንት የመጣ ፋሽን አይደለም፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ነው።

ይሠራል ወይ? ይሠራል። ኮክሬን የሚባለው የተመራማሪዎች ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ 133 ጥናቶችንና ከ64,000 በላይ ሰዎችን አይቶ፣ እነዚህ ነገሮች የመተውን ዕድል ከ50 እስከ 60 በመቶ እንደሚጨምሩ ደምድሟል። ተአምር አይሠሩም፤ ከመቶ ሰው መቶውን አያስተዉም። ዕድልን ግን ያሰፋሉ። ከምክር ጋር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ያግዛሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም ማስቲካውንና ፕላስተሩን እ.ኤ.አ. በ2009 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። በ2024 ባወጣው የሕክምና መመሪያም ከሌሎች እንክብሎች ጋር እንዲሰጡ መክሯል። መሠረታዊ መድኃኒት ማለት የቅንጦት ዕቃ ማለት አይደለም። አንድ የጤና ሥርዓት ሊያጣው የማይገባ ማለት ነው።

ወደኛ ቤት እንመለስ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ብዕሬን ይዤ መዞር ግን ሥራዬ ነውና በአንድ ቀን በከተማችን ስምንት መድኃኒት ቤቶች ገብቼ ጠየቅሁ። ሦስቱ “ምን?” አሉኝ። ሁለቱ “ጥርስ የሚያነጣው ማስቲካ ነው?” አሉኝ። ሁለቱ ያውቁታል፣ የላቸውም። ስምንተኛዋ ወጣት ፋርማሲስት ግን ሳቅ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

“ወንድሜ፣ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። መጠኑን፣ አወሳሰዱን፣ ሁሉን ተፈትነንበታል። ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። አሜሪካ ሰው ካለህ አስልክ።”

አሜሪካ ሰው ካለህ! እስቲ ይቺን ቃል አስቧት። የሌለውስ? አጎቴ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። መሪ ከጨበጡ ጀምሮ ሲጋራ ከእጃቸው ተለይቶ አያውቅም። ዓምና ትንፋሽ ሲያጥራቸው ወደ አንድ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሙ ምርመራውን አየና “አባባ፣ ሲጋራውን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ አለበለዚያ አይሆንም” አላቸው። እሳቸውም “እሺ ልጄ፣ በምን ላቁም?” አሉት። ሐኪሙ ዝም አለ። የሚያዝላቸው ነገር የለማ! ጊዜውም አልነበረው፤ ከበሩ ውጭ ሰው ተሰልፏል። አጎቴ አራት ቀን ታገሡ። በአራተኛው ቀን ቤቱ ሁሉ ጠላታቸው ሆነ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ለኮሱ።

“ጋሼ፣ ምነው ጥቂት ቢታገሡ?” ብላቸው፣ “አንተ ልጅ፣ ጉልበት ያለቀበት መኪና በጡሩምባ ዳገት ይወጣል?” አሉኝ። መልስ አጣሁ።

በኋላ ዘመድ ከዋሽንግተን ሲመጣ ከሻንጣው ውስጥ ሁለት ካርቶን የኒኮቲን ማስቲካ ይዞላቸው መጣ። አሁን ሦስተኛ ወራቸው ነው፤ አላጨሱም። ነገ ምን እንደሚሆን እግዜር ያውቃል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይኼ ነው፦ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሳንባ ዕድል የሚወሰነው ዘመዱ ሻንጣ ውስጥ በተረፈው ኪሎ ነው ወይ?

“ገንዘብ የለም” እንዳትሉኝ። ከሲጋራ የመጣውን ገንዘብ እንቁጠረው። መንግሥት በብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ከነበረው ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2016 ለጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በ2017 መጨረሻ ደግሞ ተጨማሪ 30.95 በመቶ በ434 ሚሊዮን ዶላር አስከተለ። ሲደመር 944 ሚሊዮን ዶላር! በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም በሲጋራ ላይ 30 በመቶና በእያንዳንዱ 20 ፍሬ ፓኬት ላይ 8 ብር ጣለ። ታክሱን አልቃወምም፤ ዋጋ ሲወደድ የሚያጨሰው ሰው እንደሚቀንስ በየአገሩ ታይቷል። ጥያቄዬ አንድ ነው። ከዚያ ሁሉ ዶላርና ብር ውስጥ ለመተው የሚታገለው አጫሽ አንዲት ፕላስተር ደርሳዋለች? ከሱሱ ገንዘብ መሰብሰብ ከተቻለ፣ ከሱሱ ለመውጣት ለሚጥረው ሰው ከዚያው ቆንጥሮ መስጠት ምን ይከብዳል?

ሌላም መከራከሪያ እሰማለሁ። “በወባ፣ በቲቢ፣ በካንሰር የሚሞተው ሕዝብ እያለ ይኼ ቅብጠት ነው፤ አጫሹም ጥቂት ነው” ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ዐዋቂ 5 በመቶ ነበር። ትንሽ ይመስላል አይደል? በቁጥር ሲመነዘር ግን 3.2 ሚሊዮን ሰው ነው። ከነዚህ ብዙዎቹ የቤት አባወራዎች ናቸው፤ ከወንዶች 8.1 በመቶው ነውና። ደግሞስ ቲቢውና ካንሰሩ ከሲጋራው የተለየ ነገር ሆኖ ነው? የሚያጨስ ሰው በቲቢ ለመታመምም ለመሞትም ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በካንሰር ሕክምና ወረፋ የሚያልቀውን ሰው ቀድሞ በማስቲካ መያዝ ይቀላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

“አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ መተካት ነው” የሚሉም አሉ። አይደለም። ከፕላስተሩ የሚወጣው ኒኮቲን እየተንጠባጠበ በሰዓታት ውስጥ ነው ደም የሚገባው፤ እንደ ሲጋራው በሰኮንድ አንጎልን አይመታም። ስለዚህ ያስታግሣል እንጂ አያሰክርም። ጊዜም ተቆርጦለታል። በቀን ከ10 ፍሬ በላይ የሚያጨስ ሰው በተለመደው አወሳሰድ 21 ሚሊግራም ፕላስተር ለ6 ሳምንት፣ 14 ሚሊግራም ለ2 ሳምንት፣ 7 ሚሊግራም ለ2 ሳምንት ለጥፎ ይጨርሳል። ድምሩ 10 ሳምንት ነው። የሁዳዴን 55 ቀን ከጥሉላት ርቆ የሚጾም ሕዝብ፣ በረመዳን ከንጋት እስከ ምሽት ውኃም ጭስም ሳይቀምስ የሚውል ሕዝብ፣ ይኼን አይችልም ማለት ነው? እንዲያውም ብዙ አጫሾች ጾምን መነሻ አድርገው ሲተዉ አይተናል። ችግሩ የሚመጣው በፋሲካውና በኢዱ ማግስት ነው። ያኔ የሚይዙት ምርኩዝ የላቸውም።

እንደኔ አጎት ከሻንጣ የደረሰው አንባቢ ካለ ደግሞ አወሳሰዱን ይወቅ፤ ብዙ ሰው በአጠቃቀም ጉድለት “አይሠራም” ብሎ ይጥለዋልና። ማስቲካው ባለ 2 እና ባለ 4 ሚሊግራም ነው። ጠዋት ከእንቅልፉ በተነሣ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ሰው 4ቱ ይሻለዋል። እንደ ተራ ማስቲካ አያላምጡትም። አፍ እስኪለበልብ ቀስ ብሎ ማኘክ፣ ከዚያ በጉንጭና በድድ መካከል ማሳረፍ፣ ሲደበዝዝ ደግሞ ማኘክ፤ እንዲህ እያሉ ግማሽ ሰዓት ያህል። በቀን ከ24 አይበልጥም። ከማኘክ 15 ደቂቃ በፊትና እያኘኩ ቡና፣ ለስላሳ ወይም ጁስ አይጠጣም፤ አፍ ውስጥ ያለው አሲድ ኒኮቲኑ እንዳይሰርግ ያግደዋል። ፕላስተሩ ጠዋት ጠዋት በንጹሕና ደረቅ ቆዳ ላይ፣ ቦታ እየለዋወጡ ነው። ፕላስተሩን ለጥፎ ሐራራው ሲያጣድፍ ማስቲካውን ማከል አንዱን ብቻ ከመጠቀም የተሻለ መሆኑም ተረጋግጧል። ነፍሰ ጡር፣ ልቡን በቅርቡ ያመመው ሰው ሐኪም ሳያማክር አይንካው። ከሕፃናትም ይራቅ፤ ኒኮቲን ለልጅ መርዝ ነው።

የቡናን ነገር ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። የሲጋራ ጭስ ጉበታችን ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ሲጋራው ሲቆም ያው የለመዱት ስኒ ቡና ደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ሰውየው ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ “ሲጋራ መተዌ ሊገድለኝ ነው” ብሎ ተመልሶ ይለኩሳል። ጥፋቱ ግን የቡናው መብዛት ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለሚጠጣ አገር ይኼን የሚነግረን ሰው መጥፋቱ አይገርምም? ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናውን በግማሽ መቀነስ ነው መፍትሔው። ጫቱንና ድራፍቱንም ያሰበበት፤ ሲጋራ ብቻውን አይመጣም፣ ጓደኞች አሉት።

እንግዲህ የምጠይቀውን ላስቀምጥ። አንደኛ፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንና ጤና ሚኒስቴር ማስቲካውና ፕላስተሩ በመንግሥት ግዥ ተገዝተው በየጤና ጣቢያው እንዲደርሱ ያድርጉ፤ አስመጪው ነጋዴም መንገዱ ይቃናለት። ሁለተኛ፣ ከሲጋራ ታክስ የተወሰነው እጅ ለዚህ ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ሒሳቡም በየዓመቱ በአደባባይ ይነገር። ሦስተኛ፣ በየጤና ጣቢያው አንድ ነርስ እንኳ ሦስት ደቂቃ ወስዶ “ያጨሳሉ? ለመተው ያስባሉ? ይኸው” የሚልበት አሠራር ይዘርጋ። አራተኛ፣ ማስቲካው ውድ ከሆነ ርካሽ አማራጭም አለ። ሳይቲሲን የሚባለው ከዕፅ የሚወጣ እንክብል በቡልጋሪያ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሸጥ ኖሯል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2024 መመሪያው አካትቶታል። እስቲ እሱንም አጥኑት።

ፋብሪካ ያላችሁ፣ የአውቶቡስና የጭነት ድርጅት ያላችሁ አሠሪዎችም አትራቁ። የሚያስል ሹፌር ይዞ ከመሄድ የአሥር ሳምንት ፕላስተር መግዛት ይሻላል። ወደ አገር ቤት የምትመጡ ዘመዶቻችንም ሽቶና ውስኪ ስትይዙ አንድ ካርቶን ማስቲካ ጣል አድርጉበት፤ መንግሥት እስኪነቃ ድረስ ማለቴ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አጎቴና እንደሳቸው ያሉት በሽታቸውን አልደበቁም፤ ሐኪም ፊት ቀርበው “በምን ላቁም?” ብለው ጠይቀዋል። የተደበቀው መድኃኒቱ ነው። ደባቂው ይመልስ!

ቸር ይግጠመን።